ለሰው የተሠሩ ጣፋጭ ምግቦች ለውሻ ምን ያህል ያሰጋሉ?

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ወይም ሥልጠና ሲጠናቀቅ በየጠረጴዛው የሚተርፈው ብስኩት፣ ከረሜላና ኬክ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው የግቢው ጠባቂ ውሻ ይሆናል። ድርጊቱ ከደግነት የመነጨ ነው፤ ‹‹ውሻ በበላበት ይጮኻል›› ለሚል ኅብረተሰብም እንግዳ አይደለም። በየመኖሪያ ቤቱም ሕፃናት በእጃቸው የያዙትን ብስኩት ከቡችላ ጋር ሲካፈሉ ማየት የተለመደ ነው።

ይሁንና ለሰው ተስማሚ ሆኖ የተዘጋጀ ጣፋጭ ሁሉ ለውሻ ይስማማል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የማያደርስ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ለዚህ ልዩነት በብዙዎች ዘንድ ተጠያቂ የሚደረገው ስኳር ነው። የእንስሳት ሕክምና ሳይንስ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ውሻን ለአጣዳፊ አደጋ የሚዳርገው በአመዛኙ ስኳሩ ሳይሆን ከስኳሩ ጋር ተቀላቅሎ፣ ወይም ስኳሩን ተክቶ የሚገባው ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ‹‹ስኳር የለውም›› ተብሎ ለጤና ተስማሚነቱ የሚነገርለት ምርት ለውሻ ከስኳሩ ይልቅ የከፋ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

ውሻ ጣፋጭ ነገር የሚወደው ስለለመደው ብቻ አይደለም። ምላሱ ላይ ጣፋጭነትን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ ሕዋስ አለው። ድመት ግን ይህ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የሚገኘው የሞኔል የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የድመት ዝርያዎች ጣፋጭን ለመለየት ከሚያስፈልጉት ዘረ መሎች አንዱ ሥራ ያቆመባቸው መሆኑን አረጋግጠዋል። ድመት ከረሜላ ሲጣልላት አሽትታ የምትተወውና ውሻ ግን ከነወረቀቱ የሚውጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም ሌላ ውሻ ከሰው ጋር በኖረባቸው በርካታ ሺህ ዓመታት ሆዱም ተለውጧል። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የ60 ውሾችንና የ12 ተኩላዎችን ዘረ መል አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ ስታርች የሚባለውን የእህል ንጥረ ነገር የሚፈጨው ዘረ መል በተኩላ ላይ በ2 ቅጂ ብቻ ሲገኝ በውሻ ላይ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ እንደሚደርስ አመልክተዋል። ይህም ማለት ውሻ እንደ ተኩላ ሥጋ ብቻ በል አይደለም፤ እንጀራና ዳቦ መፍጨት የሚችል ሆድ አለው። ዳቦ መፍጨት መቻሉ ግን ካካዎንም ሆነ የስኳር ምትክን ይቋቋማል ለማለት አያበቃም። ሆዱ ከሰው ማዕድ ጋር ቢላመድም ጉበቱና ቆሽቱ በብዙ ረገድ የውሻ እንደሆኑ ቀርተዋል።

ከዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከጨው የሚሠራ ተራ ብስኩት ለጤነኛ ውሻ መርዝ አይደለም። አንድ ሁለት ፍሬ የበላ ውሻ አሳዳሪ ሊጨነቅ አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ከመጠንና ከድግግሞሽ ነው። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን በግምት ከ600 ኪሎ ካሎሪ ብዙም ያልበለጠ ኃይል ይበቃዋል። የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ማንኛውም ማባበያ ከቀኑ ፍጆታ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ይህም ለተጠቀሰው ውሻ 60 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መሆኑ ነው። 100 ግራም ብስኩት ደግሞ 450 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ሠራተኛ ከሻይ ጋር የሚቀርብ ሁለት ፍሬ ብስኩት ለውሻው የቀን ድርሻውን የሚሞላ ሲሆን፣ አንድ ሙሉ እሽግ ግን የቀን ቀለቡን ከግማሽ በላይ ይወስዳል። አሥር ሠራተኛ ባለበት ቢሮ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ቢጥልለት ሒሳቡ ወዴት እንደሚያመራ ግልጽ ነው።

የዚህ ውጤት ውፍረት ነው። ውፍረት ደግሞ የመገጣጠሚያ ሕመም ያባብሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ዕድሜ ይቀንሳል። ክሬምና ቅቤ የበዛበት ኬክ ከሆነ በአንድ ጊዜ መብላቱም ቢሆን የቆሽት ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ሕመም ውሻው ደጋግሞ እንዲያስመልስ፣ ሆዱን እንዲያመውና ምግብ እንዲተው የሚያደርግ ሲሆን፣ ጠንክሮ ከያዘ ይገድላል። በልደት ወይም በምረቃ በዓል ማግሥት የታመመ ውሻ ሲያጋጥም ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው ትናንት ምን እንደበላ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ግን በአመዛኙ ቀስ በቀስ የሚመጣና በልክ በመስጠት የሚገታ ነው።

ቸኮሌት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። የቸኮሌት መሠረት የሆነው የካካዎ ፍሬ ቴዎብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይዟል። ስሙ የተገኘው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለካካዎ ዛፍ ካወጣለት ስያሜ ሲሆን፣ ትርጉሙም በግሪክኛ ‹‹የአማልክት ምግብ›› ማለት ነው። ለውሻ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቴዎብሮሚን በቡና ውስጥ ከሚገኘው ካፌይን ጋር የሚዛመድ፣ ልብንና ነርቭን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው። የሰው ጉበት ይህን ንጥረ ነገር በፍጥነት ፈጭቶ ስለሚያስወግደው አዋቂ ሰው አንድ ሙሉ ቸኮሌት በልቶ ምንም ላይሰማው ይችላል። የውሻ ጉበት ግን ሥራውን የሚያከናውነው በዝግታ ነው፤ ወደ ደሙ የገባው ቴዎብሮሚን በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 17 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከዚህም በላይ ወደ ፊኛ የወረደው ተመልሶ ወደ ደም የሚሰርግበት ሁኔታ ስላለ ጉዳቱ እስከ 3 ቀን ሊዘልቅ ይችላል።

የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት እንደሚያስቀምጡት፣ ውሻ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ 20 ሚሊ ግራም ቴዎብሮሚን ሲወስድ የማስመለስ፣ የተቅማጥና የመቁነጥነጥ ምልክት ያሳያል። መጠኑ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲደርስ የልብ ምት ይዛባል፤ በ60 ሚሊ ግራም ደግሞ መንዘፍዘፍ ይጀምራል። በቸኮሌቱ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ‹‹ውሻዬ ቸኮሌት በላ›› ማለት ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአንድ ግራም የወተት ቸኮሌት ውስጥ 2 ሚሊ ግራም ከጥቂት ነገር፣ በጥቁር ቸኮሌት 5 ሚሊ ግራም አካባቢ፣ ለመጋገሪያ በሚውለው ስኳር አልባ ቸኮሌት 15 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በደረቅ የካካዎ ዱቄት ደግሞ እስከ 28 ሚሊ ግራም ቴዎብሮሚን ይገኛል። ነጭ ቸኮሌት የሚሠራው ከካካዎ ቅቤ በመሆኑ ከሞላ ጎደል የለውም ማለት ይቻላል፤ የእርሱ ጉዳት ስቡና ስኳሩ ነው።

ይህ በተግባር ሲሰላ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ 100 ግራም የወተት ቸኮሌት ቢበላ ሊያስመልስና እረፍት ሊያጣ ይችላል፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ግን እምብዛም ነው። ያንኑ ያህል ጥቁር ቸኮሌት ቢበላ ልቡ አደጋ ላይ ይወድቃል። የካካዎ ዱቄት ከሆነ ደግሞ 21 ግራም ያህሉ፣ ማለትም ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ፣ ለመንዘፍዘፍ ይበቃዋል። 3 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ቡችላ 30 ግራም የወተት ቸኮሌት እንኳ ለመታመም በቂ ነው። በመሆኑም በማጀት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ከፍ ብሎ ሊቀመጥ የሚገባው ልጆች የሚሻሙበት ቸኮሌት ሳይሆን ለኬክ መሥሪያ የተገዛው የካካዎ ጣሳ ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑም መታወቅ ይኖርበታል። ማምሻውን በልቶ ሲሮጥ ሲጫወት የታየ ውሻ ሌሊቱን ሊታመም ይችላል።

ከቸኮሌት ያነሰ ዝና ያለው፣ አደጋው ግን የሚብሰው ዛይሊቶል ነው። ዛይሊቶል ከስኳር ጋር እኩል የሚጣፍጥ፣ በካሎሪ ግን የሚያንስ፣ በተፈጥሮም በአንዳንድ ፍራፍሬና እንጨት ውስጥ የሚገኝ የስኳር ምትክ ነው። የጥርስ መቦርቦርን የማያስከትል በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1975 በፊንላንድ በማስቲካ መልክ ለገበያ ቀርቦ ከዚያ በኋላ በዓለም ተሰራጭቷል። ዛሬ በስኳር አልባ ማስቲካና ከረሜላ፣ በሳል ሽሮፕ፣ በሚታኘክ ቫይታሚን፣ በጥርስ ሳሙናና በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ ይገኛል። በአንዳንድ አገሮች የሚመረቱ የተወሰኑ የለውዝ ቅቤ ዓይነቶችም ይህንኑ ይዘዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የውሻ አሳዳሪዎች ስለዚሁ ንጥረ ነገር እንዲጠነቀቁ ማሳሰቢያ ማውጣቱ ይታወቃል።

ለሰው ምቹ የሆነው ነገር ለውሻ መርዝ የሚሆንበት መንገድ እንዲህ ነው። የሰው ቆሽት ዛይሊቶል ሲገባ ከቁብ አይቆጥረውም፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙበትም በዚሁ ምክንያት ነው። የውሻ ቆሽት ግን ከስኳር ጋር ያሳስተዋል። በደም ውስጥ ብዙ ስኳር የገባ መስሎት ከፍተኛ መጠን ያለው ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ ይለቃል። ኢንሱሊኑ የሚያነሳው አዲስ ስኳር ባለመኖሩ በደም ውስጥ የነበረውን ጠርጎ ወደ ሕዋሳት ያስገባዋል። አእምሮ ደግሞ ያለ ስኳር ሊሠራ ስለማይችል ውሻው ይደክማል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ ይንዘፈዘፋል። ይህ ሁሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ማስቲካ ከሆነ ግን ንጥረ ነገሩ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ እስከ 12 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። የቆሽት ምላሽ በውሻ ላይ የተስተዋለው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ ቢሆንም፣ ምርቶቹ በየቤቱ እስኪገቡ ድረስ ከምሁራን ክበብ አልወጣም ነበር።

በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 0.1 ግራም ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር ለማውረድ በቂ ሲሆን፣ 0.5 ግራም ሲደርስ ጉበቱን ሊያበላሽ ይችላል። አንድ ፍሬ ማስቲካ እንደ አሠራሩ ከ0.3 እስከ 1 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዛይሊቶል ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ለ10 ኪሎ ግራም ውሻ ከአንድ እስከ ሦስት ፍሬ፣ ለቡችላ ደግሞ አንድ ፍሬ ብቻውን ለአደጋ ይዳርጋል። በእጅ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ አንድ ፓኮ ማስቲካ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ አያዳግትም። የጉበት ጉዳት የሚገለጠው ደግሞ ከመጀመሪያው ድካም በኋላ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ውሻው ተሽሎት የነበረ መስሎ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ‹‹ስኳር አልባ›› የሚል ጽሑፍ ሁሉ ዛይሊቶልን አያመለክትም። አስፓርቴም፣ ሱክራሎዝና ስቴቪያ የሚባሉት ምትኮች በውሻ ላይ ይህን የኢንሱሊን ማዕበል አያስነሱም፤ ሶርቢቶል የተባለው ቢበዛ ሆድ ያላላል። ስለሆነም ፍርዱ የሚሰጠው በእሽጉ ፊት ለፊት በትልቁ በተጻፈው ሳይሆን በጀርባው በደቃቁ በተዘረዘረው ነው። ከውጭ በሚገቡ ምርቶች ላይ ዛይሊቶል በስሙ ላይጻፍ ይችላል። ‹‹የበርች ስኳር›› በሚል መጠሪያ፣ ወይም በምግብ ማከያዎች መለያ ‹‹ኢ 967›› ተብሎ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ከሰፈረ መጠኑ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ጽሑፉ በማይነበብ ቋንቋ ከሆነ ቁጥሯን መፈለግ ይረዳል፤ ቁጥሯ አለመገኘቷ ግን ዛይሊቶል የለውም ለማለት አያበቃም።

ሦስተኛው አሳሳቢ ጣፋጭ ዘቢብ ነው። በኬክና በብስኩት ውስጥ የሚጨመረው፣ ለቅዳሴም የሚዘጋጀው ዘቢብ እንዲሁም ትኩስ ወይን የውሻን ኩላሊት ሊያቆም እንደሚችል በሙያው ዓለም መነገር የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመታት ያህል ምክንያቱ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። አንዱ ውሻ ብዙ በልቶ ምንም ሳይሆን ሌላው በጥቂቱ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚሠሩ ሐኪሞች ፍንጭ ያገኙት ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ በቤት ውስጥ ከዱቄትና ከወይን ጠጅ ዝቃጭ ከሚገኘው የመጋገሪያ ጨው የተሠራ ሊጥ የበላ ውሻ በወይን እንደተመረዘ ሁሉ ኩላሊቱ ታመመ። በሊጡና በወይኑ ውስጥ የጋራ ሆኖ የተገኘው ታርታሪክ አሲድ ነበር። የአሲዱ መጠን እንደ ወይኑ ዝርያና እንደ ብስለቱ የሚለያይ መሆኑም የቀድሞውን አለመጣጣም የሚያስረዳ ሆኗል።

በመዝገብ ከሠፈሩት አጋጣሚዎች ዝቅተኛው በአንድ ኪሎ ግራም የውሻ ክብደት 3 ግራም ያህል ዘቢብ ነው። ይሁንና የትኛው ዘቢብ ምን ያህል አሲድ እንደያዘ በዓይን ማወቅ ስለማይቻል ሐኪሞች ‹‹ይህን ያህል ቢበላ ችግር የለውም›› የሚል ልክ አያስቀምጡም። በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች የሚበቅለውና ጭማቂው የሚጠጣው ሮቃ ወይም ሁመር የተባለው ፍሬም በታርታሪክ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ ከውሻ መራቅ ይኖርበታል።

ሌሎቹን በአጭሩ ማንሳት ይቻላል። ቡና ካፌይን አለው። ሲኒ ሥር የቀረች ጉንጭ አታሳስብም፤ ነገር ግን 20 ግራም የተፈጨ ቡና የላሰ 10 ኪሎ ግራም ውሻ ይታመማል። ማር በውሃ ተበጥብጦ ገና ሳይፈላ ብርዝ ሳለ በጥቂቱ አይጎዳም፤ ጠጅ ከሆነ በኋላ ግን አልኮል ስለሆነ ውሻን በቀላሉ ያሰክራል፣ ትንፋሹንም ያዳክማል። እርሾ የገባበት የድፎ ዳቦ ሊጥም በውሻ ሆድ ውስጥ መፍላቱን ስለሚቀጥል አንድም ሆድ ይነፋል፣ አንድም አልኮል ያመነጫል። ማካዳሚያ የተባለው ከውጭ የሚገባ ለውዝ የኋላ እግርን ያዝላል፤ በአብዛኛው ግን በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። የከረሜላ ላስቲክና የሎሊፖፕ እንጨት አንጀት ሊዘጋ ይችላል። በአንጻሩ ሙዝ፣ ካሮት፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ፍሬው የወጣለት ሐብሐብና ፓፓያ በልክ ሲሰጡ ለውሻ የሚስማሙ ጣፋጮች ናቸው። ጣፋጭ ለሚወድ ጠባቂ ውሻ የስብሰባ ብስኩት ከመጣል የሙዝ ቁራጭ መስጠት ዋጋውም ያነሰ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከውሻው ሕይወት ባሻገር የሚሄድበት ምክንያት አለ። በቸኮሌት ወይም በዛይሊቶል የተመረዘ ውሻ ምራቁን ያዝረከርካል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ያለ ምክንያት ይቁነጠነጣል። እነዚህ ምልክቶች በአብዛኛው ሰው ዘንድ የሚታወቁት የእብድ ውሻ በሽታ መለያ ተደርገው ነው። በዚህም የተነሳ መዳን የሚችል ውሻ በድንጋይና በዱላ ሊገደል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ‹‹ቸኮሌት በልቶ ነው›› ተብሎ የተገመተ ውሻ በእርግጥም የታበደ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ስህተት ደግሞ ዋጋው የሰው ሕይወት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ዋናው መረጃ የውሻው ታሪክ ነው። በየዓመቱ የተከተበና የክትባት ማስረጃው የተያዘለት፣ ከግቢ የማይወጣ፣ የቸኮሌት ወይም የማስቲካ እሽግ ቀዶ የተገኘ ውሻ በድንገት ቢንዘፈዘፍ መመረዝ ይጠረጠራል። ክትባቱ የማይታወቅ፣ ከሌሎች ውሾች ጋር የሚውል፣ ከጥቂት ቀናት ወዲህ ጠባዩ የተለወጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ከሆነ ግን ማንም ሊጠጋው አይገባም፤ ግቢውን ዘግቶ ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ተገቢ ነው። በዚህ መካከል የተነከሰ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በመሥሪያ ቤት ግቢ ለሚኖሩ ውሾች ክትባት በማን በጀትና በማን ኃላፊነት እንደሚፈጸም በጽሑፍ ያልተወሰነ ከሆነ፣ ችግሩ በደረሰ ዕለት ለመለየት የሚያስችል መረጃ አይኖርም። የውሻው ቀለብ ለዘበኛው፣ ክትባቱ ለማንም ያልተሰጠባቸው ግቢዎች ጥቂት አይደሉም።

መመረዙ የተጠረጠረ ውሻ አሳዳሪ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር የቀረውን ምግብ ማራቅና እሽጉን ማስቀመጥ ነው። በብዙ ቤት ለመርዝ ማርከሻ ተብሎ ወተት ይሰጣል። ወተት ቴዎብሮሚንንም ሆነ ዛይሊቶልን አያረክስም፤ ጊዜ ያባክናል እንጂ። እንዲያስመልስ በማለት ጨው በጥብጦ ማጋት ደግሞ በራሱ መርዝ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን አልፎ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። የማገዶ ከሰል መፍጨትም አይጠቅምም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ሲሆን፣ እርሱም ለቸኮሌት ይረዳል እንጂ ለዛይሊቶል ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም።

ዛይሊቶል የበላ ውሻ መድከም ከጀመረና ክሊኒኩ ሩቅ ከሆነ፣ ራሱን እስካልሳተና እስካልተንዘፈዘፈ ድረስ በድዱ ላይ ማር ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር መቀባት እስከ ሐኪም ቤት ሊያደርሰው ይችላል። ተከሳሽ ሆኖ የቆየው ተራ ስኳር በዚህ ጊዜ መድኃኒት ይሆናል። ይህ የሚሠራው ክትባቱ ለተረጋገጠ ውሻ ብቻ ነው፤ ታሪኩ በማይታወቅ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ ማስገባት በምንም ምክንያት የሚመከር አይደለም።

ሐኪሙ የሚያደርገው እንደ ተበላው ነገርና እንደ ጊዜው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ከደረሰና ውሻው ገና ምልክት ካላሳየ በመርፌ እንዲያስመልስ ያደርጋል። ቸኮሌት በጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ስለሚቆይ ከዚያ በዘገየም ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ለዛይሊቶል ግሉኮስ በደም ሥር እየሰጠ የደም ስኳሩን በየሰዓቱ ይለካል፤ ለቸኮሌት የልብ ምቱን ይከታተላል፣ መንዘፍዘፉን የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለዘቢብ ደግሞ ኩላሊቱ እንዳይቆም ለ2 ወይም 3 ቀን ፈሳሽ በደም ሥር ያንቆረቁራል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያሠለጥኗቸው ሐኪሞች ይህን ያውቃሉ። በወረዳ ያሉት የእንስሳት ክሊኒኮች ትኩረታቸው በአብዛኛው ከብት፣ በግና ፍየል ቢሆንም፣ የሚያስፈልገው ግሉኮስና ፈሳሽ ለሰውም ለእንስሳም የሚውል የተለመደ መድኃኒት በመሆኑ ርዳታ ማግኘት የሚቻልበት ዕድል ሰፊ ነው።

ለሐኪሙ ሲደወል ወይም ሲቀረብ መነገር ያለባቸው ነገሮች የውሻው ክብደት፣ የበላው ነገር ስምና መጠን፣ የበላበት ሰዓት፣ የታየበት ምልክትና ለመጨረሻ ጊዜ የተከተበበት ቀን ናቸው። እሽጉን ይዞ መሄድ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል፤ በጀርባው ያለው ዝርዝር ሕክምናውን ስለሚወስን ነው። ውሻው ተሽሎት ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላም፣ የበላው ዛይሊቶል ከነበረ እስከ 3 ቀን ድረስ ጉበቱ በደም ምርመራ ሊታይለት ይገባል።